ለገበሬው መርዙን ሰጥተን ዕውቀቱን ስንነፍገው



ማዕድ ቀርቦ "ቢስሚላህ" ብለን እጃችንን ስንዘረጋ አብዛኛዎቻችን የምናስበው ምግቡ ሐላል ስለ መሆኑ ነው። ሥጋው በማን እንደ ታረደ፣ የተገዛበት ገንዘብ ከየት እንደ መጣ እንጠይቃለን። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ይሁንና ሽንኩርቱና ቲማቲሙ፣ ጤፉና ስንዴው ከማሳ ተነሥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ያመረተው ሰው ምን እንደ ደረሰበት የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? እጁ ተቃጥሎ እንደ ሆነ፣ ዓይኑ ፈዝዞ እንደ ሆነ፣ ሌሊቱን ሲያስታውክ አድሮ እንደ ሆነ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ስለ ገበሬና ስለ እርሻ ሠራተኛ ደኅንነት ትምህርት ሲነሣ ብዙ ሰው ጉዳዩን የግብርና ባለሙያ ሥራ ብቻ አድርጎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን ከባለሙያ ሥራ በፊት የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ ሰው ባላወቀው ነገር ሲጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? አላወቀምና ራሱ ነው? ወይስ እያወቀ ያልነገረው? ደግሞስ ነግሬዋለሁ የሚል ሰው በመናገሩ ብቻ ከኃላፊነት ነፃ ይወጣል? አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አብረን እንመልከታቸው።

ማሳው ላይ የሚሆነው

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግብርናን ከማዕድን ቁፋሮና ከግንባታ ጋር እጅግ አደገኛ ከሆኑት ሦስት የሥራ መስኮች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ድርጅቱ ለረጅም ዓመታት ሲጠቅሰው በኖረው ግምት መሠረት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ቢያንስ 170,000 የግብርና ሠራተኞች በሥራ ላይ አደጋ ይሞታሉ። በትራክተር መገልበጥ፣ በመውቂያ ማሽን፣ በእንስሳት፣ በፀሐይ ሙቀትና በኬሚካል የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ በዚህ መስክ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ግን በዓይን የማይታየውንና በዝምታ የሚገድለውን፣ ማለትም የፀረ ተባይና የፀረ አረም ኬሚካልን ብቻ እንወስዳለን።

በአገራችን የኬሚካል ርጭት የትልልቅ እርሻዎች ሥራ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በዝዋይ (ባቱ) ሐይቅ ዙሪያ በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመርተው አነስተኛ ገበሬ ይረጫል። ስንዴና ጤፍ የሚዘራውም ቱ-ፎር-ዲ የተባለውን ፀረ አረም ይጠቀማል። ለወባ መከላከያ የመጣው ዲዲቲ እንኳ ከታለመለት ሥራ ወጥቶ ጫት ላይ ሲረጭ ቆይቷል፤ በጫት ቅጠል ላይ ቅሪቱ መገኘቱንም በአገራችን የተደረጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎች አሳይተዋል።

አሁን አንድ ገበሬ እንዴት እንደሚረጭ እናስብ። መድኃኒቱን (ልብ በሉ፣ እኛ ሁላችን "መድኃኒት" ነው የምንለው) ከገበያ ይገዛል። አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ዕቃ ተቀንሶ በውኃ መያዣ ፕላስቲክ ይሸጥለታል፤ ያን ጊዜ ጽሑፍም ምልክትም የለበትም። በባዶ እጁ ወይም ባገኘው እንጨት ይበጠብጠዋል። መርጫውን በጀርባው ይሸከማል፤ መርጫው የሚያፈስ ከሆነ ልብሱ ከጀርባው እስከ እግሩ ይርሳል። ነፋስ ወደ እርሱ ቢነፍስም ይረጫል። ሲጨርስ መርጫውን በቦዩ ውኃ ያጥበዋል፤ በዚያው ቦይ ታች ሌላ ሰው ውዱእ ያደርጋል፣ ከብት ይጠጣል። እቤቱ ሲገባ ሕፃን ልጁ ሮጦ ያቅፈዋል። ሚስቱ ያን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አንድ ላይ ዘፍዝፋ ታጥባለች። ባዶው ጄሪካንም ቆንጆ ነውና ታጥቦ የውኃ ወይም የዘይት መያዣ ይሆናል።

ከእነዚህ ኬሚካሎች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ማላታይንና ዳያዚኖን፣ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ናቸው። የነፍሳትን ነርቭ በማወክ ይገድላሉ፤ የሰውም ነርቭ በዚያው መንገድ የሚሠራ በመሆኑ ሰውንም ያውካሉ። ለመመረዝ መጠጣት አያስፈልግም፤ በቆዳና በእስትንፋስም ይገባሉ። ምልክቶቹም ራስ ምታት፣ ላብ፣ የምራቅና የእንባ መብዛት፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ በመጨረሻም የመተንፈስ ችግር ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው "ፀሐይ መታኝ"፣ "ጉንፋን ነው"፣ አልያም "ዓይነ ጥላ ነው" ብሎ ይተኛል። ወደ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ ኖሮ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለው፤ ግን ምን እንደ ነካው ካልተናገረ ሐኪሙስ በምን ያውቃል?

ከማሳው ይልቅ ቤት ውስጥ የሚብሰውም አለ። እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ በጎተራ ወይም በጆንያ ውስጥ የሚጨመረው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው። ያ እህል ቤተሰብ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ጋዙ ነቀዝንና ሕፃንን አይለይም።

"ቀደር ነው" ስንል

እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የምንሰማው ቃል "ቀደር ነው" የሚል ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ሙእሚን በቀደር ያምናል። ለተጎዳው ቤተሰብም መጽናኛ ነው። ይሁን እንጂ አንድ እውነተኛ ቃል በማይገባው ቦታ ሲነገር ሐቅን መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ካለፈ በኋላ ለሐዘንተኛ የሚነገረው ቃል ሳያልፍ በፊት ለሰነፍ ምክንያት ሲሆን ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በሒጅራ 18ኛው ዓመት ገደማ ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ስፍራ ሳሉ በሻም ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ተማክረውም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይደለምን? ሲሉ ጠየቁ። የዑመር መልስ ፍሬ ሐሳቡ፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ ነበር። ምሳሌም ሰጡ። አንድ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሎቹን የሚያሰማራ ሰው በየትኛውም ወገን ቢያሰማራ ያሰማራው በአላህ ውሳኔ ነው። ልብ በሉ፤ ምሳሌው የእረኛ ምሳሌ ነው። ሁለቱም ወገን በቀደር ውስጥ ነው፤ እረኛው ግን መንጋውን እያወቀ ወደ ደረቁ ወገን ቢነዳ ጥፋቱን በቀደር ላይ መጣል አይችልም።

ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ይበቃው እንደ ሆነ የጠየቀው ሰው የተሰጠውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማሰሩም መመካቱም በአንድነት ታዝዟል። ተወኩል የሚጀምረው ሰው የሚችለውን ካደረገ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ቸልተኝነት ነው፤ ቸልተኝነት ደግሞ የኢማን ልብስ ስለ ለበሰ ስሙ አይለወጥም።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና በትንሹም በትልቁም ጥንቃቄን የሚያስተምር መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ ስትተኙ እሳት አጥፉ ብለው አዘዋል። ዕቃ እንዲከደን አስተምረዋል። ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ሌላውን እንዳያቆስል ስለቱን በእጁ እንዲይዝ ነግረዋል። በውኃ መውረጃ፣ በመንገድና ሰው በሚጠለልበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ከልክለዋል። ይህ ሁሉ ዛሬ "የደኅንነት ትምህርት" የምንለው አይደለምን? በዚያ ዘመን አደጋው መብራትና ቀስት ነበር፤ በዘመናችን ደግሞ ጄሪካንና መርጫ ነው። አደጋው ተለዋወጠ እንጂ አስቀድሞ የማስጠንቀቅ ግዴታው አልተለወጠም። አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉትም ይህንኑ ነው።

ከቀስቱ ትምህርት አንድ ተጨማሪ ነገር እንወስዳለን። ስለቱን እንዲይዝ የታዘዘው ባለ ቀስቱ ነው። በገበያው ያለው ሕዝብ ራሱን ከቀስት እንዲጠብቅ አልተነገረውም። አደጋውን ይዞ የመጣው ሰው የመጀመሪያው ባለ ዕዳ ነው ማለት ነው። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ማስተማር ማለት መንገር ብቻ ነውን?

"እሺ፣ ገበሬው ይማር" ካልን፣ እንዴት ነው የሚማረው? ብዙ ጊዜ ትምህርት የሚባለው ሰው ሰብስቦ ለአንድ ሰዓት መናገር፣ ከዚያም ስም መዝግቦ ማስፈረም ነው። ይህ ትምህርት ለመሆን ብዙ ይቀረዋል። የተሻለ ምሳሌ ከፈለግን ብዙ ሙስሊም ሕዝብ ያላትን ኢንዶኔዥያን እንመልከት።

ኢንዶኔዥያ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሩዝ ምርቷን ለማሳደግ የፀረ ተባይ ዋጋን በከፍተኛ ድጎማ ዝቅ አድርጋ ገበሬው በብዛት እንዲረጭ ታበረታታ ነበር። ውጤቱ ግን ያልታሰበ ሆነ። ሩዝን የሚያጠፋ አንድ ቡናማ ተባይ በጃቫ ደሴት ተዛመተ። የተረጨው ኬሚካል ያንን ተባይ የሚበሉትን ሸረሪቶችና ሌሎች ነፍሳት ፈጅቷቸው ስለ ነበር ተባዩ ጠላት አጥቶ ተራባ። ገበሬው ብዙ በረጨ ቁጥር ተባዩ በዛ፤ ተባዩ በበዛ ቁጥር ገበሬው ይበልጥ ረጨ። በ1986 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት 57 ዓይነት ፀረ ተባዮች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ፤ ድጎማውም ደረጃ በደረጃ ተነሣ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ "የገበሬ የማሳ ትምህርት ቤት" የተባለው ሥራ ተጀመረ።

ትምህርት ቤቱ ጣሪያና ግድግዳ አልነበረውም። ሃያ አምስት ያህል ገበሬዎች ከተከላ እስከ አጨዳ በየሳምንቱ ማሳ ላይ ይገናኛሉ። ጭቃው ውስጥ ገብተው ነፍሳቱን ይቆጥራሉ፤ የትኛው ጠላት፣ የትኛው ወዳጅ እንደ ሆነ በዓይናቸው ያያሉ፤ ያዩትን ይሥላሉ፣ ይከራከራሉ፣ መርጨት ያስፈልግ ወይም አያስፈልግ እንደ ሆነ ራሳቸው ይወስናሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ገበሬ በዚህ መንገድ ተማረ። "ካልረጨን እንራባለን" ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ የሩዝ ምርቱ ግን ኬሚካሉ ስለ ተቀነሰ አልወደቀም።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ገበሬው "አትንካ፣ አትጠጣ" ተብሎ ብቻ የሚነገረው ሕፃን አለመሆኑ ነው። አእምሮ ያለው፣ ማሳውን ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ምክንያቱን ካስረዱት ራሱ ይመራመራል። ማክበር ያለበት ትምህርት ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ዕውቀት በወሬ አይተላለፍም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በማሳው ትምህርት ቤት የተገኘው ዕውቀት ወዳልተማረው ጎረቤት በቀላሉ አልተሻገረም። "አንዱን ካስተማርን ለሌላው ይነግራል" ብሎ መተው አያዋጣም ማለት ነው። እያንዳንዱ በዓይኑ ማየት፣ በእጁ መሥራት አለበት።

ጓንት ለሌለው ሰው "ጓንት አድርግ" ማለት

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። ገበሬውን አስተማርነው እንበል። ጓንት፣ የፊት መሸፈኛ፣ ቦቲ ጫማ፣ ወፍራም ልብስ ማድረግ እንዳለበት ነገርነው። እርሱም ተረዳ። ነገር ግን ጓንት የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ቢኖረውም በገበያው ጓንት የለም፤ ቢገኝም በዚያ ሐሩር ፊቱን ሸፍኖ፣ ወፍራም ልብስ ለብሶ ሃያ ሊትር ያህል ተሸክሞ መሥራት አይችልም። ታዲያ ይህ ሰው ሳይከላከል ረጭቶ ቢመረዝ "እኛ ነግረነው ነበር" ማለት እንችላለን?

እውነቱን እንናገር ከተባለ እንዲህ ያለው ትምህርት አደጋውን አይቀንስም፤ ጥፋቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያሸጋግራል እንጂ። ከትምህርቱ በፊት ጥፋቱ የሻጩና የቀጣሪው ነበር፤ ከትምህርቱ በኋላ "አውቆ ነው" ተብሎ የገበሬው ይሆናል። የአደጋው መጠን ግን ያው ነው። ሠራተኛው ሥልጠና ወስጃለሁ ብሎ የፈረመበት ወረቀት እርሱን ከመርዝ ሳይጠብቀው ቀጣሪውን ከክስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ያ ወረቀት የማን ደኅንነት ነው?

ይህ ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ1985 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውና በኋላ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ያሻሻለው የፀረ ተባይ አያያዝ የሥነ ምግባር ደንብ በዚሁ ላይ ግልጽ ነው። ለመርጨት የማይመች፣ ውድ ወይም በቀላሉ የማይገኝ መከላከያ ልብስ የሚጠይቅ ኬሚካል በተለይ በሞቃት አገር ላሉ አነስተኛ ገበሬዎችና ሠራተኞች እንዳይቀርብ ይመክራል። ከዚህም የሚበልጥ ምስክር አለ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ የስዊዘርላንድ ፀረ ተባይ አምራች ኩባንያ ያስጀመረው የጥንቃቄ ትምህርት በሕንድ፣ በሜክሲኮና በዚምባብዌ ተሞክሮ ውጤቱ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ትምህርቱ አንዳንድ ነገር ቢያሻሽልም ብዙ ገበሬዎች የተማሩትን በሥራ ላይ አላዋሉም። የጥናቱ ጸሐፊዎችም አምራቹ ጥንቃቄ የተሞላበት አጠቃቀምን ማረጋገጥ ካልቻለ እጅግ መርዘኛ የሆኑትን ከገበያ ማውጣት እንዳለበት ጽፈዋል። ሻጩ ወገን ራሱ እዚህ መደምደሚያ ላይ ከደረሰ እኛ ከዚህ ያነሰ እንዴት እንላለን?

የሥራ ደኅንነት ሊቃውንትም ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ፤ ካልተቻለ ባነሰ አደጋ መተካት፤ ቀጥሎ ሰውን ከአደጋው መለየት፤ ከዚያ የአሠራር ሥርዓትና ትምህርት፤ ጓንትና መሸፈኛው የመጨረሻው ነው። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ያውም ጓንቱን ሳንሰጥ።

ስለ ባለ ቀስቱ ያነሣነውን አሁን አስታውሱ። ስለቱን መያዝ የባለ ቀስቱ ግዴታ ነው። የኢስላም ሕግ ሊቃውንትም ጉዳት መወገድ እንዳለበት ከመሠረታዊ መርሆች አንዱ አድርገው አስቀምጠዋል። ሕክምና ሳያውቅ ሰውን የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆንም በሐዲስ ተነግሯል። እንግዲህ ምን እንደሚሸጥ ሳያውቅ "ይህን ርጭበት፣ ያድንልሃል" እያለ መርዝ በፕላስቲክ ቀንሶ የሚሸጥ ነጋዴ ከዚህ በምን ይለያል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ይሞግተን ይሆናል፦ "እናንተ ከተማ ተቀምጣችሁ ትናገራላችሁ። ገበሬው ካልረጨ ሰብሉ በተባይ ያልቃል፤ ዕዳውን በምን ይከፍላል? ልጆቹን ምን ያበላል?" ይህ ሙግት ቀላል አይደለምና በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። ረሃብም ጉዳት ነው። ኬሚካል ሁሉ ይጥፋ የሚል ሰው የገበሬውን ረሃብ አላየም። የምንለው ግን ሌላ ነው። ገበሬው ከረሃብና ከመርዝ እንዲመርጥ የተገደደ ከሆነ፣ ምርጫውን እንዲህ ያጠበቡበት ሰዎች "ራሱ መረጠ" ማለት አይችሉም። የቀን ሠራተኛውም እንዲሁ ነው፤ "ያለ መከላከያ አልረጭም" ቢል ነገ ሥራ እንደሚያጣ እያወቀ ዝም ብሎ የገባ ሰው ፈቅዶ ገባ አይባልም።

በሌላ በኩል ገበሬው ራሱ ከኃላፊነት ፈጽሞ ነፃ ነው አንልም። ተምሮ፣ መከላከያው ተሰጥቶት፣ ሌላ አማራጭ እያለው በንቀት የሚተው ሰው አማናውን አጉድሏል። ሰውነታችን የኛ ንብረት አይደለም፤ የተሰጠን አማና ነው። ሕፃን ልጁን አሳዝሎ ወይም አስከትሎ የሚረጭ አባት ደግሞ ራሱን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ያጠፋል። ስለዚህ ሚዛኑ ይህ ነው፤ የሰው ኃላፊነት በዕውቀቱና በችሎታው ልክ ይጨምራል። ብዙ የሚያውቅና ብዙ የሚችል ብዙ ይጠየቃል፤ ጥቂት የሚያውቅና ጥቂት የሚችል ጥቂት ይጠየቃል። ጉዳቱን ግን ሁልጊዜ የሚሸከመው የመጨረሻው ነው። ነገሩን በደል የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የየድርሻችን

አል-ማወርዲ (በሒጅራ 450፣ እ.ኤ.አ. 1058 የሞቱት) ስለ አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ የገበያ ተቆጣጣሪው ሙሕተሲብ ጀልባ ከአቅሙ በላይ እንዳይጫን፣ እንስሳም ከአቅሙ በላይ እንዳይሠራ እንደሚከለክል ዘርዝረዋል። ለእንስሳ ይህ ከታሰበ ለሰው እንዴት ይሆን?

በአገራችን ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምርና የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ነገር ግን አሠሪና ሠራተኛ በሌለበት፣ አባት ከልጆቹ ጋር በሚሠራበት ማሳ ላይ ይህ ሕግ አይደርስም። እዚያ የሚደርሰው ዕውቀትና የጎረቤት አደራ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ድርሻችንን እንጠይቅ።

ነጋዴ ከሆንክ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ኬሚካል ከዋናው ዕቃው ቀንሰህ አትሽጥ። በመለያው ላይ ያለው የቀለም መስመር ትርጉም አለው፤ ቀይ እጅግ መርዘኛ፣ ቢጫ ቀጥሎ፣ ሰማያዊ ከዚያ ያነሰ፣ አረንጓዴ ዝቅተኛ መሆኑን ያሳያል። ይህን ለማስረዳት ማንበብ የሚችል ገበሬ አያስፈልግህም፤ በአፍህ መንገር ትችላለህ።

አሠሪ ከሆንክ፣ ላቡ ሳይደርቅ ደመወዙን መክፈል ግዴታህ መሆኑን ታውቃለህ። ጤናውስ? ከአቅሙ በላይ አትጫነው፤ ከጫንከው አግዘው የሚለውን የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት አስብ። ዛሬ ማገዝ ማለት ጓንቱን መግዛት፣ የሚያፈሰውን መርጫ መጠገን፣ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ማቅረብ፣ በተረጨ ማሳ ውስጥ ጊዜው ሳይደርስ ሠራተኛ አለማስገባት ነው።

ገበሬ ከሆንክ ወይም ገበሬ አባትና ወንድም ካለህ፣ ጓንት ባይኖር እንኳ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ነፋስ ጸጥ ባለበት በማለዳ ይረጭ፤ ነፋስን ከኋላው ያድርግ። ሲረጭ አይብላ፣ አያጭስ፣ ጫት አይቃም። ሲጨርስ ከቤት ከመግባቱ በፊት ገላውን በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱን ይለውጥ። ባዶውን ዕቃ ይብሳው እንጂ ለውኃ አያውለው። ከታመመ የኬሚካሉን ዕቃ ወይም መለያ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ተረጭቶ እስከሚለቀም ያለውን የጥበቃ ቀን ይጠብቅ፤ ያ ሰብል የሌላ ሰው ልጅ ምሳ ነውና።

እናት ሆይ፣ የርጭት ልብስ ለብቻ ይታጠብ። የነቀዝ እንክብል ያለበት እህል ልጆች በሚተኙበት ክፍል አይደር። ኢማሞችና ዱዓቶች ሆይ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሰው ለመሰብሰብ ሲቸገር በየጁሙዓው ሕዝቡ በፊታችሁ ነው። ከኹጥባ በኋላ አሥር ደቂቃ ብትሰጡት ነፍስ ታድኑ ይሆናል። ተማሪ ሆይ፣ አባትህ ማንበብ የማይችለውን መለያ አንተ ማንበብ ትችላለህ፤ ያ ንባብህ ዒባዳ ነው።

ገዢ የሆንን ሁላችንም ደግሞ አንድ ነገር እናስብ። ነጠብጣብ የሌለበት፣ ትል ያልነካው፣ የሚያብረቀርቅ ቲማቲም ብቻ እየመረጥን ስንገዛ ገበሬውን "ደጋግመህ ርጭ" እያልነው ነው። በአፋችን ባንናገረውም በብራችን ነግረነዋል።

ተክል ተክሎ ወፍ ወይም ሰው ወይም እንስሳ ከበላለት ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ገበሬው በእያንዳንዷ ጉርሻችን ላይ ሰደቃ ያለው ሰው ነው። ታዲያ በየቀኑ ሰደቃውን የምንበላለት ሰው ምን እንደያዘ ሳያውቅ መርዝ ሲበጠብጥ እያየን ዝም ካልን ምን እንባላለን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ለቅሶ ቤት ተገኝተን "ቀደር ነው" ከማለት በፊት፣ ማሳው ድረስ ሄደን "ወንድሜ፣ ይህን ታውቃለህ?" ማለት ይቀድማል። ቀጥሎም "ጓንቱስ አለህ?" እንበል።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀትን ይስጠን፤ ያወቅነውንም ለማያውቀው ለማድረስ ያብቃን። አሚን። ወላሁ አዕለም።